ከጠገራ ብር እስከ ቻርጀር፦ «ኦሪጅናል ነው?» የምትለው ጥያቄ ታሪክ

የእኛ ትውልድ አንዲት የማትለየው ጥያቄ አለችው። ኬብል ሲገዛም፣ ኢርፎን ሲገዛም፣ የስልክ ባትሪ ሲያስቀይርም ይጠይቃታል፤ «ኦሪጅናል ነው?» መልሱም የታወቀ ነው፤ «ኦሪጅናል ነው እንጂ! ፎርጅድማ እኛ ጋ አይገባም!» ሻጩ ፊት ለፊታችን ሲቆም ቢያንስ ዓይኑን እናያለን፣ ዕቃውን እናገላብጣለን፣ ጎረቤት ሱቅ ገብተን ዋጋ እንጠይቃለን። ሻጩ ስልካችን ላይ ያለ አንድ ስምና አንድ ፎቶ ብቻ ሲሆንስ? ያኔ ጥያቄዋ ሁለት ትሆናለች። ዕቃው እውነተኛ ነው ወይ? ሻጩስ ራሱ አለ ወይ?

ብዙዎቻችን ይህን ጣጣ ኢንተርኔት ያመጣብን ይመስለናል። አይደለም። የማያዩትን ሰው አምኖ ገንዘብ መስጠት ከኢንተርኔት በብዙ የሚበልጥ ዕድሜ አለው። ታሪኩን ስናገላብጥ ደግሞ አንድ ነገር ተደጋግሞ ይመጣል፤ እያንዳንዱ ዘመን የራሱን የመተማመኛ ምልክት ያወጣል፣ አጭበርባሪውም ከኋላው ተከትሎ ምልክቱን ይቀዳል። እስቲ ከራሳችን ሰፈር እንጀምር።

እንቁ የቆጠሩት አያቶቻችን

የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው። ምስሏ ያለበት ብር ግን እሷ ከሞተችም በኋላ «1780» የሚለውን ዓመት እንደያዘ መመታቱን ቀጠለ። ቀይ ባሕርን ተሻግሮም ወደ እኛ ገባና «ጠገራ ብር» ተብሎ ለረጅም ዘመን ዋና መገበያያ ሆነ። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ነው፤ ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው።

ታዲያ አያቶቻችን የመጣውን ሁሉ አይቀበሉም ነበር። በንግሥቲቱ የራስ ጌጥ ላይ ያሉትን እንቁዎች ይቆጥራሉ፣ ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ያያሉ፣ ምልክቱ የተፋቀውን ይመልሳሉ። ብሪታንያ በ1868 እ.ኤ.አ. ወደ መቅደላ ስትዘምት የራሷ ገንዘብ እዚህ ስለማይሠራላት ጠገራ ብር ማስመታት ነበረባት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1890ዎቹ የራሳቸውን ምስል የያዘ ብር ፓሪስ አስመትተው ሲያመጡ እንኳ ብዙ ሰው የለመደውን ጠገራ መምረጡን አልተወም።

ነገሩን የበለጠ የሚያስደንቀው ደግሞ ማን ይመታው እንደነበር ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. ኢጣሊያ ማተሚያውን ከኦስትሪያ ወስዳ ሮም ውስጥ መምታት ጀመረች። በቀጣዩ ዓመት ብሪታንያም ለንደን ላይ መታችው። ልብ በሉ፤ ንግሥቲቱ ከሞተች ከ150 ዓመት በኋላ፣ ከሀገሯ ውጭ፣ በሌላ መንግሥት የተመታ ብር ነው። ግን ብሩ ብር ነበር፣ ክብደቱም ልክ ነበር። ገበያው ከምልክቱ ጀርባ ዕቃውን ራሱን የሚመዝንበት መንገድ ስለነበረው ተቀበለው። ይህን ነጥብ ያዙልን፤ ወደ ፓወር ባንክ ስንመጣ እንፈልገዋለን።

በፖስታ ሳጥን ብቻ የሚገኘው ነጋዴ

አሁን ወደ ቺካጎ እንሻገር። በ1872 እ.ኤ.አ. አሮን ሞንትጎመሪ ዋርድ የሚባል ወጣት 163 ዕቃዎች የተዘረዘሩበት አንድ ገጽ ወረቀት አሳትሞ ለገበሬዎች በተነ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ የገጠሩን ባለሱቅ ዝለሉት፣ ከእኔ በፖስታ እዘዙ፣ በርካሽ ውሰዱ።

በሚቀጥለው ዓመት ቺካጎ ትሪቡን ጋዜጣ ይህ ድርጅት አጭበርባሪ ነው ብሎ ገበሬዎችን አስጠነቀቀ። የጋዜጣው ጥርጣሬ ዛሬ እኛ ከምንጠረጥርበት አይለይም፤ ዋጋው ከሚታመነው በላይ ርካሽ ነው፣ ሰዎቹ አይታዩም፣ የሚገኙትም በፖስታ ሳጥን ብቻ ነው። ችግሩ ግን ዋርድ አጭበርባሪ አልነበረም። ጋዜጣው በዚያው ዓመት መጨረሻ ቃሉን አረመ።

ይህ ታሪክ ለእኛ ዋጋ አለው። ስለ ማጭበርበር ስናወራ ሁልጊዜ የምናስበው ስለ ተበላው ገዢ ነው። ነገር ግን መጠርጠርም ተጎጂ አለው። ዛሬ አንዲት ወጣት ከቤቷ ሆና፣ ሱቅ የምትከራይበት ገንዘብ ሳይኖራት፣ በቴሌግራም ኬብልና የስልክ ከቨር መሸጥ ስትጀምር ያ ሁሉ የጥርጣሬ ምልክት አለባት። ሱቅ የላትም፣ አትታይም፣ ኪራይ ስለሌለባት ዋጋዋም ይረክሳል። ሌባው ያበላሸውን ስም የምትከፍለው እሷ ናት።

ዋርድ እንዴት ወጣ ታዲያ? በ1875 እ.ኤ.አ. ዕቃው ካላረካችሁ ገንዘባችሁን እመልሳለሁ ብሎ ቃል ገባ። ዛሬ የሰለቸን ይህ ቃል ያኔ አዲስ ነበር። የሠራውም ቃሉ ስላማረ አይደለም፤ ቃሉን ማፍረስ ዋርድን ራሱን የሚያከስር ስለነበረ ነው። ከጀርባው ደግሞ ሕግ ነበረ፤ የአሜሪካ ምክር ቤት በዚያው በ1872 በፖስታ ማጭበርበርን ወንጀል አድርጎት ነበር።

ኮከብ፣ ቁልፍና ሌሎች ምልክቶች

ኢንተርኔት ሲመጣ ጨዋታው ከመጀመሪያው ተጀመረ። ኢቤይ የሆነው ገበያ በ1995 እ.ኤ.አ. ሲከፈት መጀመሪያ ከተሸጡት ዕቃዎች አንዱ የተሰበረ ሌዘር ፖይንተር ነበር፤ በ14.83 ዶላር። መሥራቹ ፒየር ኦሚድያር ገዢውን «መሰበሩን አውቀሃል?» ብሎ እስከ መጠየቅ ደርሷል። በ1996 ደግሞ ገዢና ሻጭ አንዱ ስለ ሌላው ምስክርነት የሚጽፉበትን መንገድ ከፈተ። ዛሬ የምናያቸው ኮከቦች ሁሉ ከዚያ ቤተሰብ ናቸው።

ኮከቡም ተቀዳ። ሻጮች ክፉ የጻፈባቸውን ገዢ መልሰው ክፉ እየጻፉ ማስፈራራት ስላበዙ ኢቤይ በ2008 ሻጮች በገዢ ላይ መጥፎ ምስክርነት እንዳይሰጡ ከለከለ። የሐሰት ምስክርነት ግን ራሱን የቻለ ንግድ ሆነ። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን በ2024 የሐሰት አስተያየት መሸጥንና መግዛትን የሚከለክል ደንብ እስከ ማውጣት ደረሰ።

ከአድራሻው አጠገብ የምትታየው ትንሽ የቁልፍ ምልክትም ብዙ ሰው አታልላለች። ቁልፏ የምትናገረው በእናንተና በድረ ገጹ መካከል ያለው መስመር መሸፈኑን ብቻ ነው። በመስመሩ ማዶ ያለው ሰው ሌባ ይሁን ጻድቅ አታውቅም። ይህን ማረጋገጫ በነጻ ማግኘት ከተቻለ ወዲህ ሌባውም ቁልፍ አለው። ጉግል ክሮም በ2023 ምልክቷን ያነሳት ሰዎች ያለ ቦታዋ ስላመኗት ነው።

ለምን ቻርጀር?

አንዳንዶቻችሁ «ለአንድ ኬብል ይህ ሁሉ ሐተታ!» ትሉ ይሆናል። አጭበርባሪ እነዚህን ትንንሽ ዕቃዎች የሚወድበት ምክንያት ግን አለው። ዋጋቸው ትንሽ ስለሆነ የተበላው ሰው ፖሊስ ጋ አይሄድም። ውስጣቸው አይታይም። ምርታቸው ርካሽ ነው፣ የስማቸው ዋጋ ግን ውድ ነው።

ጉዳዩ የኪስ ብቻም አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. የደኅንነት መርማሪው ዩኤል 400 የአፕል ፎርጅድ ቻርጀሮችን ፈተሸ፤ 397ቱ ወደቁ። ከእነዚህ ውስጥ 12ቱ ሰውን በኤሌክትሪክ ሊገድሉ የሚችሉ ሆነው ተገኙ። በዚያው ዓመት አፕል ባቀረበው ክስ ከአማዞን «እውነተኛ አፕል» ተብለው ከገዛቸው ከመቶ በላይ ስልኮች፣ ቻርጀሮችና ኬብሎች 90 በመቶ ያህሉ ፎርጅድ እንደነበሩ ገለጸ። ትልቅ ገበያ ላይ መገኘት ብቻውን ዋስትና አልሆነም ማለት ነው።

ቤንሰን ሊዩንግ የተባለው የጉግል መሐንዲስ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ከአማዞን ኬብል እየገዛ አንድ በአንድ ሲፈትሽ፣ ከኬብሎቹ አንዱ መፈተሻ ኮምፒውተሩን አቃጠለበት። አማዞን ደረጃውን ያልጠበቀ የዩኤስቢ ሲ ኬብል እንዳይሸጥ የከለከለው ከዚህ በኋላ፣ በ2016 ነው። ሰውየው ያደረገው አያቶቻችን ያደረጉትን ነው፤ ምልክቱን ትቶ ዕቃውን መዘነ።

ለእኛ የቀረልን

መርካቶ ሸማ ተራ፣ ጫማ ተራ፣ ሚናለሽ ተራ እያለ ተመሳሳይ ነጋዴዎችን ጎን ለጎን ያስቀመጠው ያለ ነገር አይደለም። አንዱ ካጭበረበረ ወሬው ተራውን ሁሉ ይዞራል። «ደንበኛ» የሚለው ቃላችንም ለገዢው ብቻ አይደለም፤ ሻጩንም «ደንበኛዬ ነው» እንለዋለን። ማሰሪያው ነገ ተመልሶ መገናኘት ነበር። የቴሌግራም ሻጭ ግን ቻናሉን ዘግቶ ማታውኑ በሌላ ስም ሊከፍት ይችላል። በ2021 እ.ኤ.አ. ቴሌብር ሲመጣ ገንዘብ መላክ የደቂቃ ሥራ ሆነ፤ የተላከ ገንዘብ ማስመለስ ግን የደቂቃ ሥራ አልሆነም።

ሕጉስ? በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ደነገገ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ወጣ። ሁለቱም ግን የሚይዙት ስም፣ አድራሻና ደረሰኝ ያለውን ሰው ነው።

እንግዲህ ታሪኩ የሚያስተምረን በቀላሉ የሚቀዳውንና የማይቀዳውን ምልክት መለየት ነው። የተከታይ ብዛት ይገዛል፣ ፎቶ ይሰረቃል፣ አስተያየት ይጻፋል፣ ቁልፍ በነጻ ይገኛል። ሌባ በቀላሉ የማይቀዳው የሚያስከፍለውን ነው። ዕቃው ደርሶ ታይቶ የሚከፈልበት ሽያጭ፣ ገንዘቡን ዕቃው እስኪደርስ ሦስተኛ ወገን የሚይዝበት አሠራር (የቻይናው አሊፔይ በ2004 አካባቢ ያደገው በዚህ ነው)፣ ሄዳችሁ የምታንኳኩት በር፣ ደረሰኝ፣ ለዓመታት በአንድ ስም መቆየት። «ሙሉውን ቅድሚያ ላኩ» የሚል የማታውቁት ሻጭ አደጋውን በሙሉ ለእናንተ እያሸከመ ነው።

ከሻጩ ቀጥሎ ዕቃውን መዝኑ። አንድ ፓወር ባንክ «100,000 ሚሊአምፕ» ካለ አስሉት። ብዙ ፓወር ባንኮች ውስጥ ያለችው ሲሊንደር ባትሪ ብትበዛ 3,500 ትይዛለች፤ ስለዚህ 29 ባትሪ ያስፈልጋል። የአንዷ ክብደት 45 ግራም ቢሆን እንኳ ባትሪው ብቻ ከ1.3 ኪሎ በላይ ነው። ኪስ ውስጥ የምትገባዋ ፓወር ባንክ ይህን አትመዝንም። ፍላሽም እንዲሁ ነው፤ «2 ቴራባይት» ብሎ በሽሮ ዋጋ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ቁጥሩን ለኮምፒውተሩ የሚዋሽ ትንሽ ፍላሽ ነው። ፋይል ሞልታችሁ መልሳችሁ ክፈቱት፤ ውሸቱ እዚያ ይወጣል።

የቺካጎውን ዋርድንም አንርሳ። አዲስ ሻጭ ሁሉ ሌባ አይደለም። የመጀመሪያ ግዢያችሁን ትንሽ አድርጉት፣ ታይቶ የሚከፈል መሆኑን ጠይቁ፣ በታማኝነት የሸጠላችሁን ደግሞ ስሙን ለጓደኞቻችሁ ንገሩ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ ከመቀመጣችን በፊት ኮርቻውን መፈተሽ ግን የእኛ ፋንታ ነው።

ቸር ይግጠመን።