ኖታና ቁጥር

ሙዚቃ መድረስ የማን ሥራ ነው? የቤት ኮምፒዩተር ታሪክ ሁለት መልስ ሰጥቷል።

ዊል ሃርቪ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ የጻፈው «ሚውዚክ ኮንስትራክሽን ሴት» እ.ኤ.አ. በ1983 ለአፕል 2 ወጣ። አምስቱን የኖታ መስመሮች ስክሪኑ ላይ አመጣቸው፤ ኖታውን እያነሱ መደርደር ነው። ደስ ይላል! ታዲያ ኖታ የማያነብ ሰው በሙከራ ይጫወትበታል እንጂ ገጹ እንግዳ ይሆንበታል።

በ1987 ካርስተን ኦባርስኪ ለአሚጋ ያወጣው «አልቲሜት ሳውንድትራከር» ግን መልኩ ደረቅ ነው፦ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ አራት ዓምዶች፣ ፊደልና ቁጥር ብቻ። ሆኖም ከእሱ የተወለደው የ«ሞድ» ፋይል ዜማውንም የተቀዱትንም ድምፆች አብሮ ይይዛል። የከፈተው ሁሉ የሌላውን አሠራር ገልጦ ያያል፤ አይቶም ይማራል። የባለሙያ ምስጢር የሚባል ነገር ቀረ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ወረቀቱን አቀለለ፤ ሁለተኛው ሙያውን አካፈለ። እኔስ ለሁለተኛው እፈርዳለሁ።