መንገዱ የማን ነው? የሜክሲኮ ሲቲው ሜትሮቡስ አጭር ታሪክ



የአንድን ከተማ ታሪክ ከቤተ መንግሥቱ ሳይሆን ከአውቶቡሱ መጀመር እንግዳ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ከተማ ጎዳናውን ለማን እንደሚያካፍል ሲወስን ሥልጣንንም ማካፈሉ ነው። የሜክሲኮ ሲቲው ሜትሮቡስ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው።

ከተማዪቱ በ1969 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የምድር ውስጥ ባቡር ከፈተች፤ ነገር ግን የሕዝቡ ብዛትና የዳርቻው መስፋፋት ባቡሩን ቀደመው። «ሩታ 100» የተባለው የመንግሥት አውቶቡስ ድርጅት ደግሞ በ1995 ከሰረ። ክፍተቱን የሞሉት «ፔሴሮ» የተባሉት ትንንሽ አውቶቡሶች ነበሩ፤ ስማቸውን ያገኙት የቀድሞዎቹ የጋራ ታክሲዎች ያስከፍሉት ከነበረው አንድ ፔሶ ነው። አሠራሩ «አንድ ሰው፣ አንድ መኪና» ይባል ነበር። የሾፌሩ ገቢ በተሳፋሪ ቁጥር የሚወሰን በመሆኑ መኪኖቹ ይሽቀዳደማሉ፤ ባሻቸው ቦታ ይቆማሉ። በላቲን አሜሪካ ይህን «የሳንቲም ጦርነት» ይሉታል። ስለዚህ ችግሩን በሾፌሩ ጠባይ ብቻ ማመካኘት ስሕተት ነው፤ ሥሩ የክፍያው ሥርዓት ነበር።

መፍትሔው ከደቡብ መጣ። የብራዚሏ ኩሪቲባ ከ1974 ጀምሮ፣ የኮሎምቢያዋ ቦጎታ ከ2000 ጀምሮ ለአውቶቡስ የተለየ መስመር ከልለው ነበር። ሜክሲኮ ሲቲም ሰኔ 19 ቀን 2005 (እ.ኤ.አ.) በኢንሱርሄንቴስ ጎዳና፣ ከኢንዲዮስ ቬርዴስ እስከ ዶክቶር ጋልቬስ፣ የመጀመሪያውን የሜትሮቡስ መስመር ከፈተች። ተሳፋሪው ሒሳቡን ጣቢያው መግቢያ ላይ ይከፍላል፤ ከአውቶቡሱ ወለል ጋር ከተስተካከለው መድረክም በቀጥታ ይገባል።

ከአስፋልቱ ይልቅ የከበደው ሥራ ድርድሩ ነበር። የጎዳናው ባለመኪናዎች አሮጌ ተሽከርካሪዎቻቸውን አስረክበው በአንድ ኩባንያ ባለአክሲዮን ሆኑ፤ ኩባንያውም ከመንግሥታዊው ድርጅት ጎን ተሰለፈ። ክፍያው በተሳፋሪ ቁጥር መሆኑ ቀርቶ በተጓዘው ኪሎ ሜትር ሆነ። በዚህም የሽቅድምድሙ ምክንያት ተወገደ። ይሁን እንጂ ለውጡ ያለ ዋጋ አልመጣም፤ ትናንት የራሱ ጌታ የነበረ ሰው ዛሬ በሰዓትና በውል የሚተዳደር ሆነ። የታሪክ ጸሐፊ ትርፉን ሲመዘግብ ይህንንም መርሳት የለበትም።

ክርክሩ በዚያ አላበቃም። ሰባተኛው መስመር በ2018 የተከፈተበት የሬፎርማ ጎዳና በንጉሠ ነገሥት ማክሲሚልያን ዘመን፣ በ1860ዎቹ፣ የተቀየሰ ነው። ግንባታው የቅርስ ጥያቄ አስነሥቶ እስከ ፍርድ ቤት ደረሰ። በአንድ በኩል የጎዳናው ክብር፣ በሌላ በኩል በየቀኑ ወደ ሥራው የሚመላለሰው ሕዝብ ቆመ። ዛሬ ባለሁለት ፎቅ ቀይ አውቶቡሶች በዚያ ይመላለሳሉ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው መሐንዲስ መስመር ሊያሰምር እንደሚችል፣ መስመሩን የሚያጸናው ግን በጎዳናው የሚኖሩ ሰዎች ስምምነት መሆኑን ነው። ለንጉሠ ነገሥት የተቀየሰ ጎዳና ለሠራተኛ መመላለሻ ሲሆን፣ ከተማዪቱ «መንገዱ የማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ አዲስ መልስ ሰጥታለች ማለት ነው።