ማሳው ፖዘቲቭ የሆነ ላንድሮቨር

የላንድሮቨሯን ፎቶ ከለጠፍኩ ወዲህ የቀድሞ ተማሪዎቼ በውስጥ መስመር ሁለት ነገር እየጠየቃችሁኝ ነው። አንደኛው «ቲቸር፣ ለዚች አሮጌ መኪና ይሄ ሁሉ አዲስ ሽቦ ምን ይሠራላታል?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «የታሪክ መምህርን ከኤሌክትሪክ ጋር ምን አገናኘው?» የመልሱ መንገድ አንድ ስለሆነ እዚሁ ልጻፈው። ትንሽ ይረዝማል፤ ቡና አስፈልታችሁ አንብቡት።

መኪናዋ የአጎቴ ነበረች፤ አሁን የሚነዳት ልጁ ነው። ረጅሟ፣ ኋላዋ ክፍት የሆነችው ፒክአፕ ናት፤ እንግሊዞቹ ሲሪስ ቱ ኤ ይሏታል። ዕድሜዋን ሙሉ ከአማኑኤልና ከደብረ ኤልያስ ወደ ማርቆስ ጤፍ ስታመላልስ ኖራለች። ኮፈኗን ስትከፍቱ ከባትሪው በላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ነገር ታያላችሁ፦ «ተጠንቀቅ! ማሳው ፖዘቲቭ ነው»። የጻፉት በጊዜያቸው ማርቆስ ውስጥ የታወቁ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው፤ ዛሬ በሕይወት የሉም። እኔን ከሽቦ ጋር ያገናኘኝ ይህ ጽሑፍ ነው።

ማሳ የሚለውን እንያዝ። እኛ ጎጃሞች ማሳ ሲባል ቶሎ የሚታየን ጤፍ ነው። ጋራዥ ውስጥ ግን ማሳ ማለት የባትሪው አንደኛው ጫፍ ከመኪናው አካል ጋር ታስሮ፣ ብረቱ ራሱ እንደ መመለሻ ሽቦ ሲያገለግል ነው። ቃሉ ጣሊያንኛ ነው። ካንዴላ፣ ሞተሪኖ፣ ፍሬቻ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ናስትሮ፣ ሁሉም የዚያው ቤት ልጆች ናቸው። ጣሊያን ማርቆስን የያዘው በ1928 ዓ.ም. ነው፣ የለቀቀው በ1933። አምስት ዓመት ቢቀመጥም አርበኛው መቼ አስተኝቶት! ከምሽጉ ወጥቶ ባላገሩን ቋንቋ የሚያስተምርበት ፋታ አልነበረውም። ቃላቱ የገቡት ከካሚዮኑ ጋር ነው፤ ኋላም ከአስመራና ከአዲስ አበባ ጋራዦች ሙያ ተምረው በመጡ ሰዎች አፍ። ዛሬ ማርቆስ ውስጥ «ካቻቢቴውን አቀብለኝ» የሚለው ልጅ ጣሊያን አገር የት እንዳለ ላያውቅ ይችላል። እቃውን ግን በጣሊያንኛ ነው የሚያውቀው።

ፖዘቲቭ የሚለው ከእንግሊዝ ነው፤ ነገሩም ራሱ ከእንግሊዝ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ማርቆስ ሲገቡ አብሯቸው የነበረው የጌዴዎን ጦር ስንቁን የጫነው በአብዛኛው በግመል ነበር፤ ወደ 15 ሺህ የሚጠጋ ግመል፣ አብዛኛውም በመንገድ ያለቀ። (ግመል ቢያንስ የሽቦ ችግር የለበትም።) ላንድሮቨር የወጣችው ከጦርነቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። በዚያ ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ ቆርቆሮ ብረት በኮታ ስለነበር አካሏን ከአሉሚኒየም ሠሩት። ይህን ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

እንግሊዞች ያኔ በመኪኖቻቸው ፖዘቲቩን ነበር ከአካሉ ጋር የሚያስሩት። የሽቦ ጫፍ በዝገት እንዳይበላ ይረዳል የሚል እምነት ነበራቸው። ለአምፖል ግድ የለውም፤ ጅረቱ ከየትም ይምጣ ከየት ይበራል። ነገሩን የለወጠው ዳዮድና ትራንዚስተር ነው። እነሱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚያሳልፉት፤ ገልብጠህ ካሰርካቸው በቅጽበት ይቃጠላሉ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ እንግሊዞቹም ወደ ኔጋቲቭ ማሳ ዞሩ። ቶዮታውም፣ በደርግ ጊዜ የምናውቀው ዋዝም ኔጋቲቭ ናቸው።

የአጎቴ መኪና ግን አልዞረችም። አደጋው እዚህ ላይ ነው። ባትሪዋ ደክሞ አንድ ቶዮታ ሊያስነሳት ቢጠጋ፣ ሹፌሮቹ ፖዘቲቭን ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭን ከኔጋቲቭ በትክክል ቢያገናኙ እንኳ፣ ሁለቱ መኪኖች በፓራፋንጎ ከተነካኩ የአንዱ አካል ፖዘቲቭ፣ የሌላው ኔጋቲቭ ስለሆነ ቀጥታ ኮንታክት ነው። እሳት ነው። ሰውዬው በቀይ ቀለም የጻፉት ለጌጥ አልነበረም።

አሁን ወደ ሽቦው። ሙሉውን አውጥተን ጋራዡ ወለል ላይ ዘረጋነው። አብሮኝ የሠራው ወጣት ባለሙያ እየሳቀ «ይሄ ሽቦ ሳይሆን የአገር ታሪክ ነው» አለኝ፤ እኔም አልተቃወምኩም። ከሥር ያለው ንብርብር የፋብሪካው የሉካስ ሽቦ ነው፤ ላዩ በጥጥ ክር የተሸመነ፣ ቀለሙ ትርጉም ያለው። ቡኒው ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣ ነው፣ ነጩ ቁልፍ ሲዞር የሚነሳ፣ አረንጓዴው በፊውዝ ያለፈ፣ ሰማያዊው የፊት መብራት፣ ቀዩ የትናንሽ መብራቶች፣ ጥቁሩ ማሳ። ይህን የቀለም ሕግ የሚያውቅ ሰው ማርቆስ ሆነ በርሚንግሃም ያለ ሥዕል ብልሽት ማግኘት ይችላል። በዚያ ላይ መለዋወጫ የጠፋበት ዘመን ንብርብር አለ፦ ለቤት መብራት የሚሆን፣ ውስጡ አንድ ወፍራም መዳብ ብቻ የሆነ ሽቦ፣ በናስትሮ ተጠቅልሎ። ቤት ግድግዳ ላይ መቶ ዓመት ይኖራል፤ ኮረኮንች ላይ ግን ሲንቀጠቀጥ ይሰበራል። ከላይ ደግሞ የቅርቡ ዘመን፦ የቴፕ ሽቦ፣ የስልክ ቻርጀር ሽቦ፣ ምን እንደሆነ የማይታወቅ ሽቦ።

እንግሊዞቹ ራሳቸው በሉካስ ይቀልዳሉ፤ «የጨለማው ልዑል» ይሉታል። እኔ ግን እሱን አልወቅስም። ከስድሳ ዓመት በላይ የቆየ ሽቦ ነው፣ ያውም ጤፍ በሚጫንበት መኪና ውስጥ። ጤፍ ያለበት አይጥ አለ። ወደ ኋላ መብራት የሚሄደውን ሽቦ ልባሱን በልታ መዳቡ ባዶውን ቀርቶ ነበር። የዚች መኪና የቤንዚን ታንክ ደግሞ የት እንዳለ ታውቃላችሁ? ከፊት ወንበር ሥር ነው። ፊውዟ በጠቅላላው ሁለት ነው፤ የፊት መብራቱም በአንዳቸውም አያልፍም። ስለዚህ «ምን ይሠራላታል?» ላላችሁኝ፣ የአጎቴ ልጅ ቤንዚን ላይ ተቀምጦ ነው የሚነዳው።

ሁለተኛው ምክንያት ብርሃን ነው። የድሮው ዲናሞ ከፍተኛው አቅሙ 22 አምፔር ነው፤ በ12 ቮልት 264 ዋት መሆኑ ነው። ይበቃል ትላላችሁ። ግን ይህ ሞተሩ በደንብ ሲዞር ነው፤ ሞተሩ ሲዘገይ ወይ ሲቆም ወደ ምንም ይጠጋል። በክረምት ጉም የማርቆስን መንገድ ሲሸፍነው፣ ቀስ እያላችሁ፣ የፊት መብራትና የዝናብ መጥረጊያ ባንድ ላይ ስትከፍቱ ቀዩ የቻርጅ መብራት ይበራል፤ ከዚያ በኋላ የምትበሉት ከባትሪው ነው። የድሮ ሹፌሮች ሲቆሙ መብራት የሚያጠፉት ንፉግ ሆነው አልነበረም። ላንድሮቨር ራሷ እ.ኤ.አ. በ1971 ሲሪስ ስሪን ስታወጣ ወደ አልተርኔተር ዞራለች።

እኛም ያንኑ አደረግን። አልተርኔተር ገጠምን፤ አልተርኔተር ዳዮድ ስላለው ማሳውን ወደ ኔጋቲቭ መገልበጥ ግድ ሆነ። ሞተሪኖውን አልነካነውም። ይህ ብዙ ሰው አያምነኝም፦ የዚህ ዓይነቱ ሞተሪኖ በውስጡ ቋሚ ማግኔት የለውም፤ ሁለቱም ጥቅሎቹ በጅረት ስለሚሠሩ ባትሪው ሲገለበጥ ሁለቱም አብረው ይገለበጣሉ፣ አዙሪቱ ግን ያው ነው። የኮይሉን ሁለት ሽቦዎች ቦታ አለዋወጥን። ፊውዙን ከሁለት ወደ ስምንት አሳደግን፣ የፊት መብራቱን በሪሌ አሳለፍን። አሉሚኒየሙን አስታውሱ፦ አሉሚኒየምና ብረት በተገናኙበት ቦታ እርጥበት ሲገባ ይበላላሉ፣ ማሳውም ይደክማል። መብራት የሚደበዝዘው ብዙ ጊዜ አምፖሉ ስለደከመ ሳይሆን መመለሻው ስለጠፋ ነው። ስለዚህ ለያንዳንዱ መብራት የራሱን ጥቁር ሽቦ እስከ ሻንሲው ድረስ ሳብንለት።

የቀለሙን ሕግ አልነካንም። ባለሙያው «ቀዩን ለሁሉም እናድርገው፣ ርካሽ ነው» ብሎኝ ተከራክረናል። ከሃያ ዓመት በኋላ ኮፈኑን የሚከፍተው ሰው እኔንም እሱንም አያገኝም፤ የሚያገኘው ቀለሙን ነው። ጥቂት ቀለሞች ከአዲስ አበባ እስኪመጡ ሦስት ሳምንት ጠበቅን።

ያ የቀይ ቀለም ጽሑፍ ትንሽ አስቸገረን። ቢቀር ውሸት ሆነ፤ ከዚያም አልፎ አደገኛ። የአጎቴ ልጅ «የሰውዬው እጅ ነው፣ አልፍቀውም» አለ። በመጨረሻ ጽሑፉን በአንድ መስመር ሰርዘን፣ እንዲነበብ ትተን፣ ከሥሩ «ከዛሬ ጀምሮ ኔጋቲቭ» ብለን ቀን ጻፍንበት።

እንዲህ ያለ አሮጌ መኪና በግቢያችሁ ያላችሁ፣ ቻርጀር ከማሰራችሁ በፊት ከባትሪው ወደ አካሉ የሚሄደው ወፍራም ሽቦ ከየትኛው ምልክት እንደሚነሳ እዩ፤ የመደመር ምልክት ካለበት ከሆነ እጃችሁን ሰብስቡ። ደግሞ በየጋራዣችሁ ለሪሌ ምን እንደምትሉት ጻፉልኝ። አልተርኔተርን በሚመለከት እኛ ጋ አዲስ ቃል አልተገኘም። ወጣቱ ባለሙያ የመጨረሻውን ቡሎን አጥብቆ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «በቃ፣ ዲናሞው ታስሯል» ነው ያለኝ።