ማቆሚያው በማን እጅ ነበር?

የምዕራብ ሸዋ ተማሪ እንግሊዝኛን በጆሮው የተማረበትን ታሪክ የምንተርከው አብዛኛውን ጊዜ በመሣሪያ ነው፤ ሬዲዮ መጣ፣ ቴፕ መጣ፣ ፕላዝማ መጣ እያልን። እኔ ግን ድምፁን የማቆምና የማስደገም ሥልጣን በማን እጅ እንደነበር ብንጠይቅ ታሪኩ የተሻለ ይገባናል ባይ ነኝ። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የአሜሪካ ሰላም ጓድ መምህራን ወደየጠቅላይ ግዛቱ ሲሰማሩ፣ ተናጋሪው ተማሪው ፊት ቆሞ ነበርና ያልገባው እጁን አውጥቶ ያስደግመዋል። ትምህርት በሬዲዮ ይህን ዕድል ነሣ፤ ድምፁ ካለፈ አለፈ ነው። ቴፑ ካሴቱን ወደ ኋላ እየመለሰ ዕድሉን ይክስ ነበር፤ ግን ቴፕ ያለው ትምህርት ቤት ስንት ነበርና!

በ1997 ዓ.ም. በአገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መሰቀል የጀመረው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ደግሞ ከሁሉም ዘመናዊው፣ ከሁሉም የማይቆመው ሆነ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይሰራጭ ነበር። በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ መሠረት የአምቦም ሆነ የጊንጪ ልጅ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምሮ፣ እንግሊዝኛን ግን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ ይዞ 9ኛ ክፍል ሲገባ፣ ሂሳቡንም ፊዚክሱንም በእንግሊዝኛ ያገኘዋል። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ አብዛኛውን ስክሪኑ ይወስደው ነበር፤ ለመምህሩ የሚተርፈው መግቢያና መዝጊያው ነበር። ስክሪኑ ጥያቄ ይጠይቃል፣ የቀረውን ጊዜ ይቆጥራል፣ ከዚያ ክፍሉ መለሰም አልመለሰ መልሱን አሳይቶ ይሄድ ነበር። መምህሩ ላብራራ ቢል ቀጣዩ ክፍል ያመልጠው ነበር። አዳማጩ ምን ያህል እንደገባው ተናጋሪው የሚያውቅበት መንገድ አልነበረም።

የመምህራኑ እንግሊዝኛ ራሱ ደካማ ነበር፣ ስለዚህ የተሻለ ተናጋሪ ከስክሪኑ መምጣቱ ጠቅሟል የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ ከዋናው ከተማ ለራቀ ትምህርት ቤት ጥሩ ድምፅ መድረሱ ቀላል ነገር አልነበረም። ነገር ግን ጥሩ ድምፅን መስማትና ማዳመጥን መማር ይለያያሉ። ጀማሪ ጆሮ ያመለጠውን ቃል በድጋሚ ካልያዘ፣ በሚቀጥለውም ቀን ያው ቃል ያመልጠዋል። ሌሎች ጥፋቱን በመብራት መቆራረጥ ላይ ይጥላሉ። እሱም ነበር፤ ሆኖም መብራት ባልጠፋበት ቀን እንኳ ሥርዓቱ የተሠራው እንዳይቆም ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ ተቃውሞ ሦስተኛው ነው፤ ብሔራዊው የእንግሊዝኛ ፈተና በወረቀት የሚመለስ ምርጫ እንጂ ጆሮን የሚፈትን ክፍል አልነበረውም፣ ታዲያ ማቆሚያውን ለመምህሩ ብንሰጠውስ ማን ይጠቀምበት ነበር? ይህ ክርክሬን አያፈርሰውም፣ ያሰፋዋል እንጂ፤ ማቆሚያው በመምህሩ እጅ የነበረበትም ቦታ ነበርና። የእንግሊዝኛ ትምህርቱ የማዳመጥ ምንባብ በመምህሩ መምሪያ ውስጥ ታትሞ ተቀምጦ ነበር፤ መምህሩ ጮክ ብሎ ሁለት ሦስት ጊዜ ሊያነበው፣ በፈለገበትም ቦታ ሊያቆመው ይችል ነበር። ለዚህ ሳተላይትም ስክሪንም አያስፈልግም ነበር። ፈተናው ላይ ስለማይመጣ ግን ምንባቡ ሲዘለል የሚጠይቅ አልነበረም።