ስቲም፦ ትልቁ የኮምፒውተር ጨዋታ መደብር ዛሬም ለደንበኛው አዲስ ነገር ያመጣል?

ልጆቻችን በኮምፒውተር ከሚጫወቷቸው ጨዋታዎች ብዙዎቹ የሚገዙት ስቲም ከተባለ የኢንተርኔት መደብር ነው። የሚከፍለው ወላጅ ነውና፣ ስለ መደብሩ ማወቅ የሚገባንን በአጭሩ እናቀርባለን።

አመሠራረቱ፦ ስቲምን እ.ኤ.አ. በ2003 የከፈተው ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። በመደበኛው ከእያንዳንዱ ሽያጭ 30 ከመቶ ይወስዳል። ኤፒክ የተባለው ኩባንያ በ2018 መጨረሻ 12 ከመቶ ብቻ የሚወስድ መደብር ቢከፍትም፣ ስቲምን ከቦታው አላነቃነቀውም። እንዲህ የገነነ ነጋዴ ስለ ደንበኛው ለምን ይጨነቃል? መልሱ ሁለት ገጽታ አለው።

በራሱ ተነሣሽነት ያመጣው፦ በ2018 ለዊንዶውስ የተሠሩ ጨዋታዎች በሊኑክስ እንዲሠሩ የሚያደርግ ፕሮቶን የተባለ ፕሮግራም አወጣ። በ2022 በእጅ ተይዞ የሚጫወቱበትን ስቲም ዴክ ለገበያ አቀረበ። በ2024 ደግሞ በአንድ ቤት የሚኖሩ እስከ 6 የቤተሰብ አባላት ጨዋታዎቻቸውን እንዲጋሩ ፈቀደ። በዚህ አገልግሎት ወላጅ የጨዋታ ሰዓት ይወስናል፣ የማይፈልገውን ጨዋታ ይከለክላል፣ ልጁ መግዛት የጠየቀውንም ያጸድቃል።

ተገፍቶ ያደረገው፦ የአውስትራሊያ የሸማቾች መብት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በገንዘብ መመለስ ጉዳይ በ2014 ከሰሰው። ክሱ ገና ሳያልቅ በ2015፣ በ14 ቀን ውስጥ ለተጠየቀና ከ2 ሰዓት በታች ለተጫወቱት ጨዋታ ገንዘብ እንደሚመልስ አስታወቀ። ፍርድ ቤቱም በ2016 3 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቀጣው።

እንግዲህ መደብሩ አዲስ ነገር ማምጣቱን አላቆመም፤ የደንበኛው መብት ሲሆን ግን አንዳንዴ ሕግ መግፋት ነበረበት።

ወላጆች ልብ እንበል፦
- የተገዛው ጨዋታ ንብረት ሳይሆን የመጠቀም ፈቃድ ነው። የልጁን አካውንት መሸጥም ሆነ ለሌላ ማስተላለፍ አይፈቀድም።
- ልጅ ከወንድሙ በተጋራው ጨዋታ ቢያጭበረብር፣ ወንድሙም ከዚያው ጨዋታ ሊታገድ ይችላል።
- የክሬዲት ካርዳችንን ቁጥር በልጁ አካውንት ውስጥ አናስቀምጥ።
- ገንዘብ ለማስመለስ 14 ቀኑ ሳያልፍ እንጠይቅ።

በሥራችን ከወላጆች ጋር ስንነጋገር እንደምናየው፣ ልጁ ገዢም አስተርጓሚም ሲሆን ወላጁ ከፋይ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ቋንቋው ቢያስቸግረን እንኳ የምናምነውን ትልቅ ሰው ከጎናችን አስቀምጠን፣ የቤተሰቡን አካውንት በራሳችን ስም እንክፈት። ከልጁም ጋር አብረን ተቀምጠን እንየው።