ሽሮው እስኪበስል

እስቲ ቀረብ በሉ፤ ቡናው እስኪፈላ የቤታችንን ወሬ ላውጋችሁ። ቤታችን ነፋስ ስልክ ነው፤ ከጎተራ ወደ ሳሪስ ሲወርዱ፣ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ቀላሉ ባቡር ከሚመላለስበት አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ። አስፋልቱ ላይ የረዳቶቹ ጥሪና የከባድ መኪና ጥሩምባ አያባራም። እኛ ግቢ ማታ ማታ የሚሰማው ግን የሽሮ መንተክተክና የአንድ ሰው ንባብ ነው።

ከሽሮው ልጀምር። አያቴ፣ እኛ እምዬ ነው የምንላት፣ የተፈጨ ሽሮ ከሱቅ አታስገዛም። ሽምብራውንና አተሩን ራሷ ትቆላለች፣ ታስከካለች፣ ታበጥራለች፤ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ በሶብላውን፣ ኮረሪማውን፣ በርበሬውን በልኩ አድርጋ ፀሐይ ላይ ታሰጣለች። ወፍጮ ቤት ስትልከኝ ማስጠንቀቂያዋ ሁሌም አንድ ነው፤ «ከፊትሽ ምን እንደተፈጨ ሳትጠይቂ እንዳታስፈጪ!» ባለወፍጮው ድንጋዩን በደንብ ካላጸዳው የሌላ ሰው በርበሬ የኛን ሽሮ ያበላሸዋልና ነው።

ማታ ሽንኩርቱ በዘይት ይቁላላል፤ ውኃው ሲፈላ ዱቄቱ እየተነሰነሰ ይማሰላል። ከዚያ በኋላ መቸኮል የለም። ሸክላ ድስቱ ረመጥ ላይ ይጣዳል፤ እሳቱ ይቀንሳል፤ ጥሬ ጥሬ ማለቱ እስኪለቀው፣ ዘይቱም ወደ ላይ እስኪወጣ ይጠበቃል። ሽሮን የድሃ ምግብ የሚሉት ሰዎች ይህን መጠበቅ ያላዩ ይመስለኛል። በቤታችን መጽሐፍ የሚነበበው በዚህች ጊዜ ነው። እምዬ ታማስላለች፣ እኔ አነባለሁ፣ የቤቱ ልጆች ምንጣፉ ላይ ተኮልኩለው ያዳምጣሉ።

መጽሐፉ ደግሞ የሀዲስ አለማየሁ ልቦለድ ፍቅር እስከ መቃብር ነው። ከአጎቴ የቀረልን ቅጂ ሽፋኑ ከተገነጠለ ቆይቷል፤ ጠርዙ ላይ የበርበሬ ጣት ያረፈበት ገጽም አለው። እምዬ ፊደል አልቆጠረችም። ሆኖም አንድ ማታ ድካም ተጫጭኖኝ ከጉዱ ካሳ ረጅም ንግግር ላይ ጥቂት ገጽ ዘልዬ ባልፍ፣ ማማሰያዋን አቁማ «ካሳን የት ጣልሽው?» አለችኝ። ተመልሼ አነበብኩላት።

ከየት አመጣችው? ከሬዲዮ ነዋ! በደርግ ዘመን የኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በሚለው ዝግጅቱ ይህን ልቦለድ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ተርኮታል። ወጋየሁ የመድረክ ሰው ነበር፤ ሰብለ ወንጌልን በአንድ ትንፋሽ፣ ፊታውራሪ መሸሻን በሌላ ትንፋሽ ያመጣቸዋል። ሬዲዮ የሌለው ሬዲዮ ካለው ጎረቤት ቤት ይሄዳል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ወጡ ይወጣል፣ ሕፃን ያለቀሰበት ያባብላል፣ የሚያወራ ሰው ይገሠጻል። እምዬ የዚያ ጉባኤ ሰው ናት።

እንደኔ እንደኔ፣ መጽሐፉ ለጆሮ የተስማማው በተራኪው ብርታት ብቻ አይደለም። ሀዲስ አለማየሁ በ1902 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ የተወለዱ፣ በልጅነታቸው በቤተ ክህነት ትምህርት ያለፉ ሰው ናቸው። እዚያ ትምህርት ከመምህሩ አፍ ተሰምቶ በቃል የሚያዝ ነው። በኋላ ጣልያንን ተዋጉ፣ ተማርከው ኢጣልያ ውስጥ ዓመታት ታሰሩ፣ ዲፕሎማትና ሚኒስትር ሆኑ። ልቦለዱን በ1958 ዓ.ም. ሲያወጡት ግን በዛብህም ሆነ ጉዱ ካሳ የሚናገሩት ያንኑ ሲሰማ የሚያዝ አማርኛ ነው። ዝም ብዬ በዓይኔ ሳነበው ያለፈኝ ጣዕም፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነበው መጥቶልኛል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ፊታውራሪ መሸሻ ባላገሩ ላይ ሊዘምቱ የተነሱበት ቦታ ደርሰናል። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ውጠዋል። ድንገት መብራት ጠፋ፤ ሰፈሩ በሙሉ ጨለመ። ሻማ ብንፈልግ ሻማ የለም፤ የእጅ ስልኬም ባትሪው አልቋል። ከረመጡ ፍም በቀር ብርሃን የለም። ትንሹ ልጅ ሊያለቅስ ሲል እምዬ ጉሮሮዋን ጠረገችና ካቆምኩበት ቀጠለች!

ሰዎች፣ በዚያ ቤት ውስጥ አድጌ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ፊታውራሪው ሲቆጡ ድምፅዋ ይጎረንናል፤ የባላገሮቹ መሪ አበጀ በለው ሲመጣ ረጋ ይላል። ልብ የሚሰቅለው ቦታ ላይ ጸጥ ትላለች፤ ልጆቹ «እሺ፣ ከዚያስ?» እስኪሉ ትጠብቃለች። ከሠላሳ ዓመት በላይ ያለፈውን ትረካ ከነማረፊያው ይዛዋለች። ባላገሮቹ ፊታውራሪውን ማርከው ሲወስዷቸው ልጆቹ በጨለማው ውስጥ አጨበጨቡ። እዚያው በፍሙ ዙሪያ፣ ሽሮውን በእንጀራ እያጠቀስን፣ ቃርያ እየገመጥን ጨረስነው።

መብራት ሲመጣ መጽሐፉን ገለጥ አድርጌ አመሳከርኩ። ቃል በቃል አይደለም፤ የነገሩ አካሄድ ግን አልተዛባም። የተጨመረም አለ፦ የባላገሮቹን ስንቅ፣ በሶው እንዴት እንደተበጠበጠ ሳይቀር፣ ከራሷ አምጥታ አስገብታለች። ቢቸና ያደገች የገበሬ ልጅ ስለሆነች ተርቦ የሚዋጋ ሰው አልታያትም። አላረምኳትም። የተነገረ መጽሐፍ የሚሰማውም ሰው ንብረት ነው ብዬ አምናለሁ፤ በሶውም ለኔ ከዚያ ወዲህ የታሪኩ አካል ነው።

መጽሐፉ ሲያልቅ ቀጣዩን እምዬ እንድትመርጥ ብዬ የተርጓሚውን የነቢይ መኮንንን ታሪክ ነገርኳት። በደርግ ጊዜ ማዕከላዊ እስር ቤት ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቼልን ትልቅ ልቦለድ ወደ አማርኛ መለሰ፤ ወረቀት ስላልነበረ በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ነበር የጻፈው፤ ወደ 3,000 በሚጠጉ ቁራጮች። እስረኞቹም እየተነበበላቸው ሰምተዋል። ቁራጮቹ በሚወጡ ሰዎች እጅ ከእስር ቤት ወጡ፤ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎም ታተመ።

እምዬ ነገሩን ሰምታ «እስር ቤት የተነበበ እኛ ቤት አይቀርም» አለች። ከቅዳሜ ጀምሮ እሱን ይዘናል። የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ስካርሌት አሽሊ ሌላ ሴት ሊያገባ መሆኑን ስትሰማ እምዬ ማማሰያዋን አነሳች።

«ይቺ ልጅ ገና ብዙ ታስቸግራለች። በይ፣ ቀጥዪ።»