ከባሕር እስከ ሸዋ፤ የነዳጅ መንገድ ታሪክ

ሸዋ ደጋ አገር ናት፤ ሆኖም ኑሮዋ ከባሕር ተለይቶ አያውቅም። እንግሊዛዊው ካፒቴን ሐሪስ በ1833 ዓ.ም. ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሓ በግመል አቋርጦ ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦም በ1879 ዓ.ም. ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ጭኖ ከታጁራ ሲነሣ፥ አንኮበር የደረሰው ከአራት ወር ያህል ጉዞ በኋላ ነበር። ዕቃው ከባሕር ዳር መድረሱ ብቻ አይበቃም ነበር፤ የአፋር ባላባቶች ካልፈቀዱ ቅፍለቱ ማለፍ አይችልም።

በኋለኛው ዘመን ይኸው ጥያቄ ወደ ነዳጅ ዞረ። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1951 ዓ.ም. ሞስኮን ከጐበኙ በኋላ፥ በሶቪዬት ኅብረት ብድር በአሰብ የነዳጅ ማጣሪያ ተሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1967ም ሥራ ጀመረ። መርከቢቱ ድፍድፉን ዘይት በቧንቧ ወደ ታንክ ታራግፋለች፤ ማጣሪያውም ቤንዚኑን፥ ናፍጣውንና ላምባውን ይለያል። ከዚያ ወዲያ ግን ቧንቧ ስለሌለ ሥራው የቦቴ ይሆናል። አሮጌው የአሰብ መንገድ በባቲ፥ በኮምቦልቻና በደብረ ሲና አልፎ፥ የጣርማበርን ዋሻ ተሻግሮ ወደ ደብረ ብርሃን የሚወጣ ስለ ነበረ፥ ከተማችን የባሕሩን ንግድ በደጃፏ ታየው ነበር።

ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ሆነች። ማጣሪያው እ.ኤ.አ. በ1997 ሥራውን አቆመ፤ በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣም ወደቡ ለኢትዮጵያ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ፊታችንን ወደ ጅቡቲ አዞርን፤ በዚያም በዶራሌ የሆራይዘን የነዳጅ ማራገፊያ ተሠራ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ደግሞ ሁለቱ መንግሥታት ከዳመርጆግ እስከ አዋሽ 550 ኪሎ ሜትር ቧንቧ እንዲዘረጋ ተስማሙ፤ ከዚያ በተከተሉት ዓመታት ግን ሥራው ከወረቀት አላለፈም።

የቧንቧው ጥቅም ግልጽ ነው። ነዳጅ የጫነ ቦቴ ራሱ ነዳጅ ይበላል፤ ይሰበራል፤ ይገለበጣል። ቧንቧ ግን ሌሊትም ቀንም ይሠራል። ሆኖም አዋሽ ከባሕር ወለል እጅግ ከፍ ያለ በመሆኑ፥ ዘይቱን ሽቅብ የሚገፉ የፓምፕ ጣቢያዎች ያስፈልጉታል፤ ገንዘቡም ከሥራው በፊት ይወጣል። አንድ ጊዜ የተቀበረ ቧንቧ ደግሞ እንደ ቦቴ ወደ ሌላ ወደብ አይዞርም።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ይህን ነው፤ በአሰብ ታንኩም፥ ቧንቧውም፥ የመርከብ መጠጊያውም ነበረ፤ ሰላም በጠፋ ጊዜ ግን ይህ ሁሉ ለእኛ እንዳልነበረ ሆነ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እንደሚባለው፥ ብረቱን ከመቅበር አስቀድሞ ስምምነቱን ማጽናት፥ በአገር ውስጥም በቂ ማጠራቀሚያ ማዘጋጀት ያሻል። ከእኛ መካከል ነገ መሐንዲስ የሚሆን ይኖራል፤ የመንግሥት መልእክተኛ የሚሆንም ይኖራል። የባሕሩ መንገድ ሁለቱንም ይፈልጋል።